መልስ፦ ውድ ሄልሜት ከአንጎል መናወጥ ያድናል?

እህቴ፣ «ልጄ እዚህ ሲያትል ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ሊጫወት ነው፤ ውዱን ሄልሜት ብገዛለት ከአንጎል መናወጥ ይድናል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። በሄልሜት ብቻ አይድንም። ሄልሜት በዋናነት የተሠራው የራስ ቅል እንዳይሰበር ነው፤ ያንን በሚገባ ይሠራል። አንጎል ግን በቅሉ ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ነው። በሩጫ ላይ ያለ ልጅ ሲገጭ ጭንቅላቱ ድንገት ይቆማል ወይም ይዞራል፤ አንጎሉ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። እንቁላል ሲያናውጡት ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ አስኳሉ እንደሚናጠው ማለት ነው።

ሄልሜት ሁሉ እኩል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሄልሜቶችን እየፈተነ በኮከብ ደረጃ ያወጣል፤ ከዋጋው በፊት ኮከቡን ይዩ። ሲያጠልቁለት ደግሞ ሄልሜቱን ይዘው ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ የግንባሩ ቆዳ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ሰፍቶታል።

እኔ በበኩሌ ከዕቃው ይልቅ ደንቡን አምናለሁ። የአሜሪካ ፉትቦል የፕሮፌሽናል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል በ2011 የመክፈቻውን ምት ከ30 ያርድ መስመር ወደ 35 (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ወደፊት ሲያስጠጋው፣ ኳሱ ብዙ ጊዜ እስከ ሜዳው ጫፍ ስለሚደርስ ተቀባዩ ኳሱን ይዞ መሮጡ ቀነሰ፤ በዚያ ምት ላይ የሚደርሰው የአንጎል መናወጥም አብሮ ቀነሰ። የተለወጠው ሄልሜቱ ሳይሆን አምስት ያርድ ነበር!

የእናንተው የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2009 ባወጣው ሕግ፣ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድም አይመለስም። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚያስፈርምዎት ወረቀት ስለዚሁ ነው፤ ሳያነቡ አይፈርሙ። አሠልጣኙንም በሳምንት ስንት ቀን እየተጋጩ እንደሚለማመዱ ይጠይቁት።