የኋላ ጎማ መቀደድና የሞተሩ መንቀጥቀጥ፦ ሾኩን ከመንካትህ በፊት ጎማውን እየው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ በ600 ሲሲ ሞተር ሳይክል፣ በስሊክ (ጥርስ በሌለው የውድድር) ጎማ ትወዳደራለህ። ከ6ኛው ዙር ጀምሮ የኋላው ጎማ በቀኝ ጎኑ ይቀደዳል፤ ከኩርባ ስትወጣ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ወደ ውጭ ይሄድብሃል፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ደግሞ ቀጥታው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሾኩን (የኋላውን ንዝረት መጠጫ) አጥብቀህም አላልተህም ሞክረህ ለውጥ የለም፤ «ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የሾኩ?» ብለሃል።

ከመንቀጥቀጡ ልጀምር። ሌላው የሚያስከፍልህ ሰከንድ ነው፤ ይሄኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍልህ ይችላል።

ውድድሩ ሲጀመር ያልነበረ፣ ከዙር ዙር እየባሰ የሚሄድ፣ ፍጥነት ስትጨምር አብሮ የሚጨምር ንዝረት ካለ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጎማው ነው። የሾኩ ዘይት ሞቆ ቢቀጥን እንኳ የሚያመጣው መወዛወዝ እንጂ እንዲህ ያለ ፈጣን ንዝረት አይደለም። የጎማው የላይኛው ላስቲክ ከስሩ ካለው ክር መላቀቅ ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈጠረው ትንሽ እብጠት ነው፤ የኋላው ከሆነ በመቀመጫውና በእግር ማሳረፊያው በኩል ይሰማሃል፣ የፊቱ ከሆነ በመሪው። ከዚያ በኋላ ስንት ዙር እንደሚቆይ ማንም አያውቅም። በ2016 ሴፓንግ (ማሌዥያ) ላይ በተደረገው የሞቶጂፒ (የዓለም ሞተር ሳይክል ውድድር ከፍተኛው ደረጃ) ሙከራ የነጂው የሎሪስ ባዝ የኋላ ጎማ የፈነዳው ቀጥታው ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ነው። በዚያው ዓመት አርጀንቲና ውስጥ የሌላው ነጂ የስኮት ሬዲንግ የኋላ ጎማ ላስቲክ በልምምድ ላይ ተገሽልጦ ወጣ፤ ውድድሩ አጥሮ በ20 ዙር፣ በመሃል ወደ ሁለተኛ ሞተር ሳይክል መቀየር ግዴታ ሆኖ ተካሄደ። በዓለም ምርጥ ባለሙያዎች የሚጠበቅ ጎማ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ የተለየ ዕድል የለውም። ስለዚህ ንዝረቱ ሲመጣ እጅህን አንስተህ ከመስመሩ ውጣና ወደ ፒት ግባ። «ሁለት ዙር ነው የቀረው» የሚባል ነገር የለም።

ጎማውን ስታወጣው ሳይበርድ መዳፍህን ዙሪያውን አሳልፈው (ጓንት አድርግ፣ ያቃጥላል)። ከፍ ያለ ወይም ለስለስ ብሎ የሚጫን ቦታ ካገኘህ ያ ጎማ አበቃ። ገልብጦ መግጠምም፣ በቀዳዳ መድፈኛ ማዳንም አይሠራም።

እብጠት ከሌለ ንዝረቱ ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ጎማው ቸርኬው ላይ መዞሩን ነው። በኃይለኛ ፍሬን ወይም በኃይለኛ ነዳጅ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ያኔ የተመጣጠነው ክብደት ይዛባል። ጎማው እንደተገጠመ በነጭ ቀለም ከቸርኬው ወደ ጎማው የሚያልፍ አንድ መስመር አስምር። ከውድድር በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ካየኸው ምክንያቱን አገኘህ ማለት ነው፦ ሲገጠም የተቀባው ሳሙና አልደረቀም፣ ወይም ንፋሱ አንሷል። የማመጣጠኛ እርሳሱ ተፈንቅሎ መውደቁንም እይ።

መንቀጥቀጡን ለይተህ ንገረን። መሪው ብቻ በእጅህ ላይ በፍጥነት ግራ ቀኝ የሚመታ ከሆነ (በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ገደማ) የፊቱ ክፍል ነው፦ የመሪ ኩሽኔታ፣ የፊት ጎማ፣ ወይም ፊቱ በጣም ስለቀለለ። ሞተሩ በሙሉ እንደ ዓሣ ጅራት ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ (በሰከንድ ከ2 እስከ 4) የኋላው ነው፦ የስዊንግአርም (የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ) ኩሽኔታ፣ የጎማ አሰላለፍ፣ የሾክ ሪባውንድ (ሾኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት)። ኩርባ ውስጥ ተጋድመህ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል የሚያርገፈግፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ጎማውና ሾኩ አብረው አለመስማማታቸው ነው። የስቲሪንግ ዳምፐር (የመሪውን መወዛወዝ የሚያለዝበው) ማጥበቅ ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ከእነዚህ አንዱንም አይፈውስም።

አሁን ወደ መቀደዱ። ንፋሱን የምትለካው መቼ ነው? ጠዋት በብርድ ለክተህ ከሆነ የምትሄድበትን ንፋስ አታውቀውም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በ20 ዲግሪ 1.5 ባር የሞላኸው ጎማ 80 ዲግሪ ሲደርስ 2.0 ባር ገደማ ይሆናል። አየሩ እርጥበት ካለው ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ጎማውን በማሞቂያ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየው፤ ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ራሱ በእጅ ሲነካ መሞቅ አለበት። ከዚያ አምራቹ ለትኩስ ጎማ በሰጠው ቁጥር አስተካክል። ዋናው ልኬት ግን ከትራክ እንደገባህ የምትወስደው ነው፣ ፍሬን ይዘህ በቆምክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ የራስ ቁርህን ሳታወልቅ፣ ረዳትህ በዚያው ባንድ መለኪያ። የጎረቤትህን ቁጥር አትዋስ፤ ከአምራች አምራች ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። ሞቶጂፒ ለፊት ጎማ ዝቅተኛ የንፋስ ወሰን አስቀምጧል፤ በ2023 1.88 ባር ነበር፣ በ2024 ወደ 1.80 ወረደ። ነጂዎቹ ወደ ታች የሚገፉት ሌላውን ተከትለው ሲሄዱ የፊት ጎማ ሞቆ ንፋሱ ስለሚያሻቅብና ፊቱ ስለሚንሸራተት ነው። ወሰኑ የተቀመጠው ደግሞ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ከውስጥ ስለሚግል ነው።

የተቀደደውን ቦታ በቅርብ እየው። ቅዱ ጥልቅ ከሆነ፣ ጠርዙ እንደተቀደደ ቆዳ ሻካራና ስለታም ከሆነ፣ ቀለሙም ያው ጥቁር ከሆነ፣ ጎማው ውስጡ ሳይሞቅ ላዩ ብቻ ተጎትቶ ነው የተቀደደው። ንፋሱ በዝቷል ወይም ላስቲኩ ለዚያ ቀን አስፋልት ጠንካራ ነው። በ0.05 ባር እየቀነስክ ሞክር፣ ግን ከአምራቹ ወሰን በታች አትውረድ። በተቃራኒው ቅዱ ደቃቅና ብዙ ከሆነ፣ ጠርዙ እንደ ቀለጠ ተጠቅልሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወዝ ካለው፣ ጎማው ጋለ ማለት ነው። ንፋሱ አንሷል፣ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ወይም ጎማውን እያሽከረከርከው ነው የምትወጣው። ሦስተኛም አለ፦ ቅዱ የጎማው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከጎማው ጠርዝ ትንሽ ወደ መሃል፣ ነዳጅ የምትሰጥበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሾኩን ጠርጥር። ሪባውንዱ ሲጠብቅ ሾኩ ተጭኖ ይቀራል፤ ቀጣዩን ጉብታ የሚሸከመው ሞላው ሳይሆን ጎማው ይሆናል።

ቀኙ ብቻ መቀደዱ ግን ብዙም አያስገርምም፤ ትራኩ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ አብዛኛው ኩርባ የቀኝ ነው። በተቃራኒው በሚዞረው የአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድ ትራክ የሚሰቃየው ግራው ነው። በ2013 አዲስ አስፋልት ተነጥፎ ጎማዎቹ መቋቋም ስላልቻሉ የሞቶጂፒው ውድድር ከ27 ወደ 19 ዙር ተቀንሶ አንድ ሞተር ከ10 ዙር በላይ እንዳይሄድ ተከለከለ፤ ነጂው ማርክ ማርኬዝም ሞተር ለመቀየር አንድ ዙር ዘግይቶ በመግባቱ ከውድድሩ ተሰረዘ። ቀኝህ ሲሠራ ግራህ እየበረደ መሆኑንም አትርሳ፤ ከብዙ የቀኝ ኩርባ በኋላ የምትመጣው የመጀመሪያዋ የግራ ኩርባ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው።

ወደ ውጭ መሄዱና መቀደዱ በእኔ ግምት አንድ ችግር ናቸው። ነዳጅ ስትሰጠው ኋላው ከልክ በላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ ሞተሩ መስመሩን ይለቃል። አንተ መስመሩን ለመመለስ ጋድመኸው ትቆያለህ፣ ነዳጁን ግን አትለቅም። የጎማው ጠርዝ ከሚገባው በላይ ጊዜ ተጭኖ ይሠራል፣ ይግላል፣ ይቀደዳል። ክሊኩን (የሾኩን ማስተካከያ እርከን) ብታዞር ለውጥ ያጣኸውም ለዚህ ይመስለኛል፦ ጉድለቱ ሞላው ላይ ወይም ከፍታው ላይ ነው።

ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥና ሳጉን (ሞተሩ በክብደት የሚወርድበትን ልክ) አስለካ። ኋላው ከ30 እስከ 35 ሚሜ መውረድ አለበት፤ ያለ ሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ሚሜ። ፕሪሎድ (የሞላውን ቅድመ ጫና) አጥብቀህ የሰው ሳጉ ልክ ሲሆን ሞተሩ ያለ ሰው ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለክብደትህ ለስላሳ ነው፤ ይቀየር። ሞላው ልክ ከሆነ የኋላውን ከፍታ 2 ሚሜ ጨምር፣ ሌላ ምንም ሳትነካ 5 ዙር ሂድ። ከተሻለ እዚያው ቆይ፤ ፍሬን ስትይዝ ኋላው የሚዋኝ ከሆነ 1 ሚሜ መልስ። ሪባውንዱን የምትነካው ከዚህ በኋላ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ክሊክ ሳታልፍ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ፊቱን ከመሬት አንስተህ የፎርኩን (የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ) እግሮች ወደፊትና ወደኋላ ግፋ፤ «ቋ» የሚል ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ስዊንግአርሙን ወደ ጎን ግፋ። የኋላውን ጎማ አሰላለፍ ስዊንግአርሙ ላይ ባለው ምልክት ሳይሆን በገመድ ወይም በቀጥታ ዘንግ ለካ። ካቴናው የሚለካው ደግሞ ስዊንግአርሙ ካቴናው በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ሆኖ ነው፤ ከጠበቀ ሾኩን ይይዘዋል። ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርግ፣ ክዳኑም ባለ ጎሚኒ የብረት ይሁን።

የጎማውን ጎን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብበው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። እሱን፣ ስትገባ የተለካውን ትኩስ ንፋስ፣ የሳጉን ሁለት ቁጥሮችና የቅዱን የቅርብ ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ ከዚያ ስለ ላስቲኩ ዓይነት እንነጋገራለን።