የልብስ ማድረቂያው አልጠፋ ካለ

ማድረቂያህ ልብሱ ደርቆም አልጠፋ እንዳለህ፣ የሰዓቱ መዞሪያም ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ነግረኸኛል። መጀመሪያ እየሠራ ሳለ በሩን ክፈተው። በሩ ተከፍቶም ከበሮው መሽከርከሩን ካላቆመ፣ ብዙ ጊዜ የበሩ ስዊች ተጣብቋል ማለት ነው። ሶኬቱን ንቀል፣ ሳይጠገን አትንካው።

በሩ ሲከፈት የሚቆም ከሆነ ግን መዞሪያው አለመነቃነቁ ፍንጭ አለው። አውቶማቲክ ላይ አድርገኸው ይሆን? ባለመዞሪያ ማሽን ላይ አውቶማቲኩ ደቂቃ አይቆጥርም። መዞሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የሰዓቱ ሞተር የሚሄደው ውስጡ በደንብ ሞቆ ቴርሞስታቱ (ሙቀት መቆጣጠሪያው) ማሞቂያውን ሲያጠፋ ብቻ ነው። ሙቀቱ እዚያ ካልደረሰ ሰዓቱ ባለበት ይቀራል፣ ከበሮው ሲዞር ያድራል።

እንዲህ ለየው፦

1. መዞሪያውን በደቂቃ ወደሚሠራው ክፍል አዙርና 20 ደቂቃ ሙላ። ጫፉ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት አድርግ።
2. ከ10 ደቂቃ በኋላ እየው። ካልተነቃነቀ ሰዓቱ ሞቷል፣ ይቀየራል።
3. ከተነቃነቀ ሰዓቱ ጤነኛ ነው። የብናኝ ማጥለያውንና ከኋላ የሚወጣውን የአየር ቱቦ እስከ ውጪኛው አፉ ድረስ አጽዳ። ያም ካልረዳ ማሞቂያውና ቴርሞስታቱ ይፈተሹ።

እኔ ይህን ሳልሞክር ዘልዬ አዲስ ሰዓት ገዛሁ። ገጠምኩት፤ ያው ነው! በኋላ ቱቦውን ስፈታ ግራጫ ብናኝ እንደ ቡሽ ወትፎታል። ደረቅ ስለሆነ ክብሪት ነው የሚጠብቀው። እስኪስተካከል ድረስ ማሽኑን አብርተህ ከቤት አትውጣ፣ እንቅልፍም አትተኛ።