ነፃ ወይስ በክፍያ? ስለ ኦንላይን ትምህርት ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ አያያዝና ኤክሴል በአማርኛ በቪዲዮ አስተምራለሁ። ግማሹ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ነው፣ ግማሹ በክፍያ በዝግ የቴሌግራም ቻናል። «የቱን በነፃ፣ የቱን በብር?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ራሱ ይከፍል የለ? ተማሪን ብር መጠየቅ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይከፍላል፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። በረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠበቅብሃል። ከዚያ ከማስታወቂያው 55 በመቶ ያንተ ነው። ግን የስንቱ 55 በመቶ? አስተዋዋቂ የሚከፍለው ተመልካቹ ያለበትን አገር አይቶ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚከፈለው አዲስ አበባ ላለው ከሚከፈለው በብዙ ይበልጣል። ዲያስፖራው ለሚያዘወትረው ዜናና ድራማ ያዋጣ ይሆናል። የኔ ተመልካች ግን መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴና ከኮሌጅ ገና የወጣ ሥራ ፈላጊ ነው። በማስታወቂያ ብቻ የኢንተርኔት ወጪዬንም አልሸፍንም ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም ለምን አትዘጊውም? ሰው ነፃ ነገር ይንቃል።

መልስ፦ አይንቅም። ማር የምትሸጥ ሴት መጀመሪያ ታስቀምስህ የለ? የአሜሪካው ጋዜጣ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2005 የአምደኞቹን ጽሑፍ ለከፋይ ብቻ አደረገ። በ2007 መልሶ ከፈተው። በ2011 በሌላ መንገድ መጣ፤ በወር 20 ጽሑፍ በነፃ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ። በዓመቱ 20ውን ወደ 10 አወረደው። ይኼኛው ሠራለት። ለምዶ የሚመላለስ ሰው ይከፍላል፣ አንድ ቀን ጎራ ያለው ደግሞ አይባረርም።

ጥያቄ፦ አንቺ ታዲያ በትክክል የምትሸጪው ምኑን ነው?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። የምሸጠው ቪዲዮውን ሳይሆን እርማቱን ነው። አንዲት ተማሪ በእጇ የሠራችውን ትሪያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ሠንጠረዥ) ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዴቢትና ክሬዲቱ በ5,400 ብር አይገናኙም። ሁለት ሌሊት ፈልጋ አጥታዋለች። 5,400 ለ9 ይካፈላል፤ ልዩነት ለ9 ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተገለባበጠ ቁጥር ነው። መዝገቡን መስመር በመስመር አብረን ወረድን። 8,200 የነበረው 2,800 ተብሎ ተጽፏል! የ9ኙን ዘዴ በነፃ ቪዲዮ አስተምሬዋለሁ፣ ማንም ያየዋል። የራሷን መዝገብ ይዞ አብሯት የሚወርድ ሰው ግን ጊዜውን ይሰጣል። ጊዜ ደግሞ ዋጋ አለው፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ጥያቄ፦ ከፍሎ የገባ ሰው ቪዲዮዬን ሌላ ቻናል ላይ ለቀቀብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኔም ላይ ደርሷል፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ቴሌግራም ላይ ፋይል እንዳይቀመጥና ፎርዋርድ እንዳይደረግ መዝጋት ትችያለሽ። በሌላ ስልክ የሚቀርጽን ግን አያቆምም። ለዚህ ነው እርማት የምለው፤ እሱ ሊሰረቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ክፍያ በምን ልቀበል? በሰብስታክ (ጽሑፍ በክፍያ ለአንባቢ የሚላክበት ድረ ገጽ) ቢሆንስ?

መልስ፦ ሰብስታክ 10 በመቶ ይወስዳል፣ ብሩ የሚመጣው ደግሞ የካርድ ክፍያ በሚያስተላልፈው ድርጅት በስትራይፕ ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር። የደረሰኝ ስክሪንሾት ብቻ አይታችሁ አታስገቡ፣ ተቀነባብሮ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መግባቱን ከራሳችሁ ሒሳብ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቤሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቴሌብር የለኝም፣ ስልክ የማገኘውም ማታ ብቻ ነው። መማር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ የኔ እህት። ክፍያውን አገር ቤት ያለ ዘመድ በስምሽ ይፈጽምልሽ። ቪዲዮው አይጠፋም፣ በተመቸሽ ሰዓት ታይዋለሽ። ጥያቄሽን በድምፅ ላኪልኝ፣ ጠዋት ስነሳ እመልሳለሁ። ግን አሁን አትክፈይ። መጀመሪያ ከነፃዎቹ ሦስት ቪዲዮ እዪ፣ መልመጃውን ወረቀት ላይ ሥሪና ፎቶውን ላኪልኝ።