ከእድሩ ድንኳን ሥር፦ ስለ ድህነት የተነሡ ጥያቄዎች

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ያለው እድራችን ወርኃዊ መዋጮ ከሰበሰበ በኋላ ለጥያቄ ጊዜ ይተዋል። ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር በዚህ ወር ተራው የእኔ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምዕራባውያን የልማት መንገድ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዋልት ሮስቶው እ.ኤ.አ. በ1960 አገር ሁሉ በ5 ደረጃዎች እንደሚያልፍ ጻፈ። መሰላሉ አንድ ነው፤ ታች ያለው ይውጣ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ አበዳሪዎች ድጎማ ይነሣ፣ የመንግሥት ድርጅት ይሸጥ፣ ገበያ ይከፈት ብለው ለብዙ ደሃ አገሮች ተመሳሳይ ማዘዣ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ልብስ ፋብሪካ ገብታ በሦስት ወሯ ወጣች። ሰነፍ ናት?

መልስ፦ እማማ፣ በፍጹም! ማታ ከፈረቃ ሲወጡ አያቸዋለሁ፤ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው አራት ሆነው ወደ ተከራዩት አንድ ክፍል ይገባሉ። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ አገራችን በ5 ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው፤ ለአንዱ ወገን ሥራው፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና፣ ለሦስተኛው ምንም። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ደመወዙ በግል ተፍጨርጭሮ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር፣ የጤና ችግርም ጨመረ። ገንዘብ የተሰጣቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በሲሶ ያህል በለጠ። ቅር ቢለኝም ልናገረው፦ በ5 ዓመት ውስጥ ያ ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ገንዘብ ማደል ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። ልጅዎ ግን ሒሳቧን አስልታ ነው የወጣችው።

ጥያቄ፦ ቻይናስ ያደገችው በዚያ በምዕራባውያን መንገድ ነው?

መልስ፦ ማሳውን መጀመሪያ ለገበሬው ቤተሰብ አከፋፈለች፤ ገበያውን የከፈተችው ቀስ በቀስ፣ በራሷ ቅደም ተከተል ነው።

ጥያቄ፦ መሬቴ ለከተማ ተወሰደ፤ ካሳውም አለቀ። ይህም ልማት ነው?

መልስ፦ አባባ፣ የጤፍ ማሳ ፎቅ ሲሆን የአገር ምርት ቁጥር ያድጋል፤ የእርስዎ ጎተራ መጉደል በዚያ ድምር ውስጥ ለብቻው አይታይም። ህንዳዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር አማርትያ ሴን ድህነትን ሰው ሊሆንና ሊያደርግ የሚችለውን በማጣቱ ይለካል። የትኛው መሬት ጤፍ፣ የትኛው ሽምብራ እንደሚወድ ያወቁበትን ዕድሜ ማን ከፈለዎት? ካሳ ሲተመን ይህ መቆጠር አለበት፤ ቢያንስ አዲስ ሙያ እስኪይዙ የሚያቆይ ገቢ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ እድርና እቁብ ልማት ይሆናሉ?

መልስ፦ አንድ ቤት ሲመታ እድር ይሸከማል። ኑሮ ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ ሲመታ ግን ኪሳችን አብሮ ይደርቃል፤ ያኔ የመንግሥት እጅ የግድ ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሴፍቲኔት ለዚህ ነው። በእኛ አቅም ያለው ደግሞ ከቀብር መዋጮው ለሕክምና የሚሆን መለየት ነው። ሒሳብ ያዣችን መዝገቡን አይተው ለሚመጣው ወር ስሌቱን እንዲያቀርቡ ጠይቄያቸዋለሁ።