ጌም እንከራይ ወይስ እንግዛ?

ጥያቄ፦ የ11 እና የ15 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱም በፕሌይስቴሽን ይጫወታሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት 14 ዲስኮች ገዝቼላቸዋለሁ። ሰሞኑን መደርደሪያውን ሳጸዳ ግን ዛሬም ድረስ የሚነኩት 3ቱን ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ፤ ታናሹ እንዲያውም አንዱን ከነመጠቅለያው አስቀምጦታል። ጌም የሚያከራይ ሱቅ አግኝተናል፤ የአንድ ሳምንት ኪራዩ የአዲሱ ዲስክ ዋጋ አንድ ስምንተኛ ነው። ባለቤቴ ግን «ስምንት ጊዜ ከተከራየን እኮ ገዛነው ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን ገንዘባችንን ለሰው እንሰጣለን?» ትላለች። ትክክል ናት?

መልስ፦ የባለቤትዎ ስሌት አልተሳሳተም፤ የጎደለው ነገር ግን አለ። ስምንት ሳምንት የሚለው ቁጥር የሚሠራው የተገዛው ዲስክ ልጆቹ ተጫውተው ሲጨርሱ ምንም ዋጋ የማያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ዲስክ ግን ይሸጣል። ለምሳሌ በገዙበት ግማሽ ዋጋ መልሰው ቢሸጡት፣ ጨዋታው ከኪስዎ ያስወጣው ግማሹን፣ ማለትም የአራት ሳምንት ኪራይ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጌሙ ሊጠይቁ የሚገባዎት «ልጆቹ ከአራት ሳምንት በላይ ይዘውት ይቆያሉ ወይ?» ብለው ነው። ይህ የሚሆነው ግን በእርግጥ የሚሸጡ ከሆነ ነው። 11 ዲስክ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመበት ቤት የመሸጥ ልማድ ያለው አይመስልም፤ ልማዱ ከሌለ የባለቤትዎ ስምንት ሳምንት ትክክለኛው መስፈሪያ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ኪራዩ ይበልጥ ያዋጣዎታል እንጂ አይጎዳዎትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጨዋታው ርዝመት ነው። ልጆችዎ በሳምንት 6 ሰዓት ያህል ይጫወታሉ እንበል። ታሪክ እየተከተሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄዱባቸው ጌሞች ብዙዎቹ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ስለሚወስዱ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ያልቃሉ፤ እነዚህን መግዛት አንድ ጊዜ ለሚነበብ ልብ ወለድ ሙሉ መደርደሪያ እንደ ማሠራት ነው፣ ይከራዩአቸው። ገጸ ባሕርይን ከታች ጀምሮ እያሳደጉ ሰፊ ዓለም የሚያስሱባቸው ጌሞች ግን ከ60 ሰዓት በላይ መሄዳቸው የተለመደ ነው፤ በእናንተ ቤት ፍጥነት ይህ ከአሥር ሳምንት ያላነሰ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ግዢው ያለ ክርክር ይረታል። የእግር ኳስ ጌም ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ ይግዙት፣ ነገር ግን በወጣበት ሰሞን አይግዙት። አሳታሚዎቹ በየዓመቱ አዲስ እትም ስለሚያወጡ፣ አዲሱ በወጣ ማግስት የዓምናው ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ብዙውን ጊዜ የተጫዋቾች ዝውውርና ጥቂት ማሻሻያ ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ።

ኪራይን ስመክር አንድ የማልደብቅዎት ጉድለት አለ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ዓርብ ማታ ለሦስት ቀን የተከራየሁትን ዲስክ ኮንሶሉ (የመጫወቻ መሣሪያው) ውስጥ ሳስገባው፣ ከመጫወቴ በፊት በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ማሻሻያ ማውረድ እንዳለብኝ ስክሪኑ ነገረኝ። መቶኛውን የሚያሳየው መስመር ሲያዘግም ሌሊቱን አደረ፤ መጫወት የጀመርኩት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ኪራዩ ግን መቁጠር የጀመረው ከሱቁ በር ስወጣ ነበር። ስለዚህ ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ከሆነ የቅዳሜና እሑድ ኪራይን ይተዉና ሙሉ ሳምንት ይውሰዱ።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር አለ። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስክ ሲገባ ጨዋታው ወደ ኮንሶሉ ማከማቻ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው እንደ መክፈቻ ቁልፍ ነው። ዲስኩን ለሱቁ ሲመልሱ የተገለበጠው ነገርም ሆነ የወረደው ማሻሻያ ካላጠፉት በቀር ባለበት ይቀራል፤ ሴቩ (ልጆቹ የደረሱበትን የሚይዘው መዝገብ) ደግሞ ለብቻው ስለሚቀመጥ ጌሙ ራሱ ቢጠፋም አይነካም። በመሆኑም መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተከራይተው፣ ልጆቹ ከወደዱት ያንኑ እትም ቢገዙ፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ እንጂ ከዜሮ አይጀምሩም። ለእናንተ ቤት የምመክረውም ይህንኑ ነው፦ ለሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ምንም ጌም ሳይከራዩት አይግዙ፤ ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት «ድጋሚ እንከራየው» ብለው ካልጠየቁ፣ ያ ጌም የመደርደሪያው 15ኛ እንግዳ ከመሆን ተረፈ ማለት ነው።

ዲስኩን ከመውሰድዎ በፊት ጀርባውን ወደ መብራት አዘንብለው ይዩት። ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አያውክም፤ የዲስኩን ዙሪያ ተከትሎ የተጫረ ከሆነ ግን ሌላ ይጠይቁ። ባለ ሱቁ «ጭረቱ በማሽን ተፍቆ ይጠፋል» ቢልዎት አይቀበሉ። በዲቪዲ ላይ መረጃው ከላዩ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ስለሚገኝ መፋቅን ይችል ነበር፤ እነዚህ ኮንሶሎች በሚጠቀሙበት ብሉሬይ በተባለው የዲስክ ዓይነት ላይ ግን ጥልቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮንሶል የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ለእኔ ጥያቄው ምንም ትርጉም የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ትርጉሙ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። እርስዎ ዲስክ መከራየትም ሆነ የተጫወቱበትን መልሶ መሸጥ አይችሉም፤ በዚያ ፋንታ ያለዎት ኪራይ ወርሃዊ ደንበኝነት ነው። ኤክስቦክስ ጌም ፓስ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ ሲሆን፣ ፕሌይስቴሽን ፕላስም በ2022 በሦስት ደረጃ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ብዙ ጌሞችን የያዘ ማውጫ ያቀርባሉ። ማውጫው እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ጌሞች ይገባሉ፣ ይወጣሉም፣ ሊወጣ የተቃረበውን አስቀድመው ካላዩ ታሪኩ መሐል ላይ ይቋረጥብዎታል። በወር ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ጌም የሚሞክር ሰው ይጠቀምበታል፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጌም ላይ ለሚቆይ ሰው ግን ያንን ጌም በቅናሽ ሰሞን መግዛት ይሻለዋል።

«መግዛት» ስል ግን ቃሉን በጥንቃቄ ይያዙልኝ። በኢንተርኔት የሚወርድ ጌም ሲገዙ የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው። የጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር) በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሲዘጋው፣ ጌሙ ያለ ሰርቨር አይሠራም ነበርና ሙሉ ዋጋ የከፈሉትም ሊጫወቱት አልቻሉም። እዚህ ላይ ዲስክ የነበራቸውም አልዳኑም፤ ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ጌም በየትኛውም መልክ ቢገዛ ዕድሜው በሰርቨሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ያለውን ጌም ሙሉ ዋጋ ከፍለው ሲገዙ ለረጅም ጊዜ እንደ ተከራዩት አድርገው ያስቡት።

ጌሙን ቀምሰው ለመወሰን ከፈለጉ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ሰው ከእርስዎ የተሻለ ዕድል አለው፤ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት ሱቅ ከገዙ በ14 ቀን ውስጥ፣ የተጫወቱትም ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ ገንዘብ ይመልሳል። የፕሌይስቴሽን ሱቅም 14 ቀን ይሰጣል፤ ነገር ግን ማውረድ ከተጀመረ በመርህ ደረጃ መብቱ ያበቃል። ስለዚህ የናሙና ቅጂ ካለው መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ፤ ከፍለው ሐሳብዎን የሚቀይሩ ከሆነም ማውረጃውን ከመጫንዎ በፊት ይሁን።