«ዕንባቆም» ውስጥ እንባ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው እስራኤል፣ ሪሾን ሌጽዮን ነው። ወንድ ልጅ ልንወልድ ሁለት ወር ቀርቶናል፤ ባለቤቴ «ዕንባቆም» እንበለው ትላለች። እናቴ ግን «እንባ ቆመ ማለት ነው፤ ለቅሶ ያየ ቤት የሚያወጣው ስም ነው» ብላ ቅር ብሏታል። እስራኤላውያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ስሙን ጨርሶ አላወቁትም። ለመሆኑ ዕብራይስጥ ነው ወይስ አማርኛ? የሚጻፈውስ በ«እ» ነው በ«ዕ»? በ«ን» ነው በ«ም»?

መልስ፦ ዕብራይስጥ ነው፤ እንባም የለበትም። ጎረቤቶችዎ ያላወቁት፣ ስሙ እኛ ዘንድ የደረሰው በግሪክ በኩል ዞሮ፣ መልኩን ቀይሮ ስለሆነ ነው። «ኻቫኩክ» ቢሏቸው ነቢዩን ወዲያው ያስታውሱታል።

ዕንባቆም ከዐሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት ስምንተኛው ነው። መጽሐፉ 3 ምዕራፍ፣ 56 ቁጥር ብቻ ነው፤ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ስሙ የሚጠራውም ሁለት ጊዜ ነው፦ በ1፥1 እና በ3፥1። አጻጻፉ አምስት ፊደል ነው፦ ሔት፣ ቤት፣ ቆፍ፣ ዋው፣ ቆፍ። የጥንቱ ንባብ «ሐበቁቅ» ሲሆን፣ የሚጠብቀው «ቁ» ነው። የዛሬ እስራኤላዊ ግን ሔትን እንደ «ኸ»፣ እዚህ ቦታ ያለውን ቤት እንደ «ቨ»፣ ቆፍን እንደ «ከ» ስለሚያነብ «ኻቫኩክ» ይለዋል።

ለትርጉሙ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሐ-በ-ቀ ከሚለው የዕብራይስጥ ግሥ ያወጣዋል፤ ማቀፍ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙን የተረጎመው በዚህ ነው። የአይሁድ ምሥጢራዊ መጽሐፍ የሆነው ዞሃርም ከዚያው ግሥ ተነሥቶ ነቢዩን የሱነማይቱ ልጅ ያደርገዋል፦ ኤልሳዕ ሴትዮዋን በመጪው ዓመት ወንድ ልጅ እንደምትታቀፍ ሲነግራት (2ኛ ነገሥት 4፥16) የተጠቀመበት ቃል ይኸው ነውና። ሁለት ጊዜ ስለ ታቀፈ፣ አንዴ በእናቱ፣ አንዴ በኤልሳዕ፣ ስሙ ላይ ቆፍ ተደገመ ይላል። ታሪክ ነው ብሎ የሚከራከርለት ባይኖርም ደስ የሚል ንባብ ነው። የእኛ «አቀፈ»፣ በግዕዝ «ሐቀፈ»፣ ከዚሁ ግሥ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ ሁለቱ የኋላ ድምፆች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ አትክልት ቦታ ይወስደናል። በአካድኛ፣ በጥንቷ ሜሶፖታሚያ ቋንቋ፣ «ኀባቁቁ» («ባ» ጠብቆ) ወይም «ኀምባቁቁ» የሚባል የጓሮ ተክል ነበር። ዐረብኛም በሶብላንና ናናን የመሰሉትን መዓዛማ ቅጠሎች «ሐበቅ» ይላል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ። ምክንያቱም «ኀምባቁቁ» የሚለው መልክ፣ በዕብራይስጡ የሌለውንና በግሪኩም በግዕዙም ያለውን «ምባ» ያስረዳል።

መጽሐፉን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ግሪክ የመለሱት ሰዎች ስሙን «አምባኩም» ብለው ጻፉት። ሦስት ነገር ተለውጧል። ግሪክ ለ«ሐ» ፊደል ስለሌለው የመጀመሪያው ድምፅ ወደቀ። በመካከል «ምብ» ገባ። የመጨረሻው «ቅ» ደግሞ «ም» ሆነ። መካከለኛውን ለውጥ ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ዕብራይስጡ ብ አጥብቆ «ሻባት» የሚለውን እኛ «ሰንበት» እንላለን፤ በአፋችን እንዲያውም «ሰምበት» ነው። የጠበቀ ብ ሲላላ በፊቱ የአፍንጫ ድምፅ ትቶ ይሄዳል። የ«ም»ን ግሪካዊነት ለማየት ደግሞ ሌሎችን ማነጻጸር ይበቃል። ከግሪክ የወሰዱት ሩስያውያን «አቫኩም» ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1682 በእሳት የተቃጠለው ቄስ አቫኩም የዚህ ስም ባለቤት ነው። ከዕብራይስጥ የወሰዱት ላቲኖች ግን «ሀባኩክ»፣ ዐረቦችም «ሐበቁቅ» ብለው በ«ቅ» ወይም በ«ክ» ይጨርሱታል።

ግዕዝ ከግሪኩ ሲቀበል የራሱን ልማድ ተከተለ። የግሪኩን ካፓ በ«ቀ» ይጽፋል፦ ማርቆስ፣ ቆሮንቶስ። ኺ የሚባለውን ፊደል ግን በ«ከ»፦ ክርስቶስ፣ ሚልክያስ። ስለዚህ «ኩም» «ቆም» ሆነ። «ኡ» ወደ «ኦ» መዞሩ «ናሁም» ናሆም ከተባለበት መንገድ ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ቅሬታ። «እንባ ቆመ» የሚለው ፍቺ በሁለት ፈተና ይወድቃል። አንደኛው ዘመን ነው። በአማርኛ ተጽፈው ከተገኙት ጽሑፎች ቀደምቶቹ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጀምሩት የነገሥታት መወድሶች ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው። በግዕዝ ደግሞ እንባ «አንብዕ» ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ «ዕንባ» ላይ አይደረስም። ሁለተኛው ሰዋስው ነው። ዐረፍተ ነገር የሆኑ የአማርኛ ስሞች ግሣቸውን ከነእርባታው ይይዛሉ፦ ይበልጣል፣ አለማየሁ፣ ዘሪሁን። «እንባ ቆመ» ስም ቢሆን ኖሮ «እንባቆመ»፣ ትእዛዝ ቢሆን «እንባቁም» በተባለ ነበር። «ቆም» ለብቻው አይሄድም፤ «ቆም አለ»፣ «ቆም በል» ካላሉ በቀር ያነክሳል።

የሚያስቀው፣ ከነቢያት መካከል በእርግጥ ከሐዘን ጋር የሚገናኘው ስም ጎረቤቱ ናሆም ነው፤ ፍቺው «መጽናናት» ነው። ወላጆች ግን ናሆምን ያለ አንዳች ቅሬታ ለልጆቻቸው ያወጣሉ። ዕንባቆም ያለ ጥፋቱ የሚታማው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚያርፈው «እንባ» ስለሆነ ብቻ ነው። ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ መሆኑን ግን አልክድም፦ ስሙ ሲቆላመጥ «እንባ»፣ «እንባዬ» ወደሚል ሊሄድ ይችላል። እናትዎ ይህን የማይወዱ ከሆነ የቤት ስም አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ልጁ ከለመደ በኋላ ማስተው ይከብዳል።

አጻጻፉ «ዕንባቆም» ነው፤ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስም በኋላ የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉምም እንዲህ ነው የሚጽፉት። ከእጅ ጽሑፎች «እንባቆም» ቢያገኙ አይደንግጡ፤ በብራና ላይ አልፋና ዐይኑ ሲለዋወጡ የኖሩ ናቸው፣ በዛሬ ንባባችንም ልዩነት የላቸውም። «ን»ን ግን አይለውጡት። ምንም እንኳ በአፍ «እምባቆም» ብንል፣ አንበሳን፣ ወንበርንና ዝንብን «ም» እያልን በ«ን» የምንጽፈው በዚሁ ሥርዓት ነው። «ባ» አይጠብቅም፣ «ቆ»ም አይጠብቅም።

ስሙ የትም ቢሆን ብርቅ ነው። አይሁድ ኢሳይያስንና ዳንኤልን በየትውልዱ ሲያወጡ ኻቫኩክን እምብዛም አላወጡትም። የእኛ አገር ዕጣው የተሻለ ነው። ጸሎተ ዕንባቆም የተባለው 3ኛው ምዕራፍ በመዝሙረ ዳዊት መጨረሻ ካሉት 15 የነቢያት ጸሎቶች አንዱ ስለሆነ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። በተረፈ ዳንኤል ደግሞ መልአክ በራስ ጠጉሩ ይዞ፣ ለአጫጆች ያዘጋጀውን ምግብ እንደ ያዘ፣ አንበሶች ጉድጓድ ላለው ለዳንኤል ያደርሰዋል። ስንክሳር የሚያስበው ግንቦት 24 ነው። ከስሙ ባለቤቶች ታዋቂው አባ ዕንባቆም ናቸው፦ ከየመን የመጡ ነጋዴ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ፣ በኋላም የደብረ ሊባኖስ 11ኛ እጨጌ የሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1540 ለኢማም አሕመድ (ግራኝ) ክርስትናን የሚከላከለውን «አንቀጸ አሚን»ን ጽፈዋል፤ በ1553 ደግሞ «በራላምና ይዋሳፍ» የተባለውን መንፈሳዊ ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። እናትዎ የለቅሶ ስም ያሉትን ይዞ የኖረው ሰው ይህን ያህል ነው።

ለእናንተ ከባዱ ነገር የእስራኤል ወረቀት ነው። ሁለት ምርጫ አላችሁ። በሔት ጀምራችሁ በቆፍ ከጨረሳችሁ ልጁ በትምህርት ቤት «ኻቫኩክ» ነው፤ ነቢዩን ሁሉም ያውቃል፣ «ዕንባቆም» የሚለው ድምፅ ግን ቤት ይቀራል። ድምፁን ማቆየት ከፈለጋችሁ በአሌፍ ጀምሩ፣ ከዚያ ኑን፣ ቤት፣ ቆፍ፣ ዋው፣ በመጨረሻም ሜም ሶፊት (በቃል መጨረሻ የሚጻፈው ሜም)። በዐይን መጀመር ለእኛ ፊደል ታማኝ ይመስላል፤ ዕብራይስጡ ግን መነሻው ላይ ዐይን ኖሮት አያውቅም። የሚበላሸው ጽሑፉን በቃል ስትነግሩ ነው፦ ሰሚው «እምባኮም» ይሰማና አንዱ በሜምና በካፍ፣ ሌላው በኑንና በቆፍ ይጽፈዋል፤ በዓመታት ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ሰነዶች ይኖሯችኋል። ፓስፖርት ላይም በላቲን ፊደል ያው ጣጣ ይመጣል፦ በ«ኤን» ወይስ በ«ኤም»፣ በ«ኪው» ወይስ በ«ኬ»። አንዱን ምረጡ፣ በወረቀት ጻፉት፣ ከሆስፒታል ስትወጡ ጀምሮ የምትሰጡት ያንኑ ወረቀት ይሁን።