«ከሁሉ የላቀ» የተባለው ፊልም ዝናው ይገባዋልን?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የፊልም ሐያስያን እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ያሉትን «ዣን ዲልማን» የተሰኘ የቤልጅየም ፊልም ከታላቅ ወንድሜ ጋር አየን። ከሦስት ሰዓት በላይ አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ጫማ ስትወለውል ተመለከትን። ወንድሜ «ምንም የማይሆንበት ፊልም ነው፤ ያደነቁትም አዋቂ ለመባል ነው» ብሎ ሳያልቅ ተነሣ። እኔ እስከ መጨረሻው ባየውም ወደድኩት ለማለት አልደፍርም፤ አልወደድኩትም ብል ደግሞ «አልገባትም» እንዳልባል እፈራለሁ። ለመሆኑ ይህ ፊልም ዝናው ይገባዋል?
— አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በቅድሚያ «አንደኛ» የሚለው ማዕረግ ከየት እንደመጣ እንይ። የብሪታንያ የፊልም ተቋም የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ተጠያቂ አሥር ፊልሞችን ይሰጣል፤ አሥሩም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ያገኛሉ። ስለዚህ አንደኛ የወጣው ፊልም በብዙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የተገኘው ነው እንጂ፣ መራጮቹ ሁሉ ከሌሎቹ አስበልጠው ያስቀመጡት ማለት አይደለም።

ደረጃውም ሲለዋወጥ ኖሯል። የኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን» በመጀመሪያው ምርጫ ከአሥሮቹ እንኳ አልገባም ነበር፤ ከ1962 እስከ 2002 ግን አምስት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ሆነ። በ2012 ቦታውን ለሂችኮክ «ቨርቲጎ» ለቀቀ፤ እርሱም ለዓመታት ከስርጭት ወጥቶ የነበረ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ሠላሳ አምስተኛ ደረጃ አካባቢ የነበረው «ዣን ዲልማን» በ2022 አንደኛ ወጣ። በእነዚህ አሥር ዓመታት ፊልሙ አልተለወጠም፤ የመራጮቹ ቁጥር ግን ከ846 ወደ 1,600 በላይ አድጓል፣ የተጠየቁትም ሰዎች ዓይነት ሰፍቷል። ወንድምዎ ለደረጃው አልሰግድም ቢሉ እኔም አብሬያቸው ነኝ።

«ምንም የማይሆንበት ፊልም ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ይልቁንም ሳያልቅ ከተነሣ ሰው። ፊልሙ አሰልችቶኛል የማለት ሙሉ መብት አላቸው፤ ትልቁ ነገር የሚሆነው ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው፣ እርሱንም አላዩም።

ዳይሬክተሯ ሻንታል አከርማን ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕዝብ ስታቀርብ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ዴልፊን ሴይሪግ የምትጫወታት ሴት ብራስልስ ውስጥ ከልጇ ጋር የምትኖር ባሏ የሞተባት እናት ናት። ከሰዓት በኋላ ወንዶች እየከፈሉ ወደ ቤቷ ይመጣሉ፤ ገንዘቡን ክዳን ባለው የሾርባ ሳህን ውስጥ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ቀን ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ይከናወናል፦ ከክፍል ስትወጣ መብራት ታጠፋለች፣ ሳህኑን ትከድናለች፣ እራት በሰዓቱ ይቀርባል። ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ያያል እንጂ አይጠጋትም፤ የፊቷንም ስሜት አጉልቶ አያሳየንም።

በሁለተኛው ቀን እንግዳውን ከሸኘች በኋላ ድንቹ ከመጠን በላይ በስሎ ታገኘዋለች። ድስቱን ይዛ የት እንደምታኖረው የጠፋት ያህል ከክፍል ወደ ክፍል ትዘዋወራለች፤ የገንዘቡንም ሳህን ሳትከድን ትረሳለች። በሦስተኛው ቀን ያፈላችው ቡና አይጥማትም፤ ወተት ትጨምራለች፣ ትቀምሳለች፣ ደፍታ እንደገና ታፈላለች፤ ያም አይሆንላትም። ያጠበችው ማንኪያ ከእጇ ሲወድቅ እኔ ከመቀመጫዬ ደንገጥ ብያለሁ። አንዲት ማንኪያ እንዲህ የምታስደነግጠው የቤቱን ሥርዓት አንድ ሙሉ ቀን ከሴትዮዋ ጋር ስለኖርነው ነው። ፊልሙ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያጥር ያልተከደነው ሳህን የረሳችው ዕቃ ብቻ ይሆናል፤ በሦስት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃው ውስጥ ግን ሕይወቷ ከእጇ እየወጣ መሆኑን የሚነግረን እርሱ ነው። ሌሎች ፊልሞች ቆርጠው የሚጥሉትን የቤት ውስጥ ሥራ አከርማን የታሪኩ አከርካሪ አድርጋዋለች። በእኔ እምነት ዝናው በሚገባ ይገባዋል።

«ቨርቲጎን» በተመለከተ ግን ከብዙዎቹ ሐያስያን እለያለሁ። የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃና የቀለሙ አጠቃቀም ድንቅ ነው፤ ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ያለው የግድያ ሴራ በሙሉ የተንጠለጠለው ከፍታ የሚፈራው መርማሪ የደወሉን ማማ ወጥቶ ሊጨርስ አይችልም በሚል ግምት ላይ ነው። ሰውየው እንደምንም ቢደርስ ኖሮ ሁሉም ነገር ይፈርስ ነበር። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ያለበት ፊልም በዓለም አንደኛ መባሉ ዛሬም አይዋጥልኝም፤ ይህን በማለቴም ፊልም አያውቅም የሚለኝ ቢኖር ማማውን አስረድቶ ይርታኝ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። «አከበርኩት እንጂ አልወደድኩትም» ማለት ሙሉ ፍርድ ነው፤ የትኛው ትዕይንት ላይ ልብዎ እንደራቀ ማሳየት ከቻሉ «አልገባትም» የሚልዎት ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ከ2022ቱ መቶ ምርጥ ፊልሞች መካከል አንድም የኢትዮጵያ ፊልም የለም። ይህ የእኛ ፊልሞች ስለማይመጥኑ ነው?
— አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከ«ዣን ዲልማን» ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ፣ እንደ እርሱም ለድካም ጊዜ የሚሰጥ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል በሚፈጀው በዚህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የባላባት መሬት የሚያርስ ቤተሰብ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ እናያለን። ብዙዎች በስሙ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም፤ ያላየውን ፊልም ደግሞ ማንም ሐያሲ ከአሥሩ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። እኔ ብጠየቅ ያለማመንታት አስገባዋለሁ። ሁለቱንም ፊልሞች ያየ አንባቢ ካለ የትኛው እንደረዘመበትና ምክንያቱን ጽፎ ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም እናስተናግደዋለን።